የነባሩ ሜዳ

ባለፈው ሳምንት መካኒሳ አቦ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ፀሐዩን እያማረርኩ ሳለ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «ይቅርታ አባቴ፣ ጋሼ ደበበ አይደሉም? ደበበ ጡሩምባ?» አለችኝ። ጡሩምባ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ስንት ዘመኔ! ዘወር ብዬ ባያት ባያት ላውቃት አልቻልኩም። የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋውን ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ ጨዋ ሴት ናት። «ፀጋ ነኝ፤ የላምቦሬ ልጅ» ስትለኝ ነው ያወቅኳት። መጨረሻ ሳያት ሁለት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። «አባዬ ደህና ነው፤ ጀሞ ነን። አንድ ቀን ይምጡ እንጂ፣ ደስ ይለዋል» ብላ ቁጥሯን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት የምርጫ ቅስቀሳ መኪና መጣ። ጣሪያው ላይ ሁለት ሞንታርቦ ጭኗል። አንድ ጎልማሳ ድምፅ «አንዳንድ ወገኖች ከእጃችሁ ሊነጥቋችሁ ያሰፈሰፉትን...» እያለ ያስተጋባል። ምን እንደሚነጠቅ አልሰማሁም፤ መኪናው አለፈ። እሷ መሬት መሬቱን አየች፣ እኔ የመብራቱን ምሰሶ አየሁ። ታክሲው ሲመጣ ስልኳን በወረቀት ጽፋ ሰጥታኝ ገባች። እኔም የተሰለፍኩት ለዚያው ለጀሞ ታክሲ ነበር። ግን ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ ምን ላወራ ነው? ተራዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ቀረሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። ላምቦሬ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ የጎኔ ጎረቤት ነበር። ከወንድሜ ይልቅ የምቀርበው ሰው ነበር ብል ወንድሜ ራሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አይቀየመኝም። ይህን ሰው ያጣሁት በገዛ አፌ ነው። ማንም አልነጠቀኝም። ይቅርታ ሳልጠይቀው ዓመት ዓመትን እየወለደ እዚህ ደረስን፤ ሁለታችንም ሰባን አልፈናል። ከእንግዲህ ማን ቀድሞ እንደሚሄድ አይታወቅምና፣ ያቺን የስልክ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ይዤ አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ።

ያኔ መካኒሳ እንዲህ ሕንጻ በሕንጻ አልሆነም ነበር። ጀሞ የሚባለውማ ጤፍ የሚዘራበት፣ ለበዓል በግ ልንገዛ በእግራችን የምንወርድበት አገር ነበር። ከሜክሲኮ መካኒሳ ታክሲ ስልሳ አምስት ሳንቲም ነበር መሰለኝ፤ አምስቷ ሳንቲም መልስ ስትቀር ሚኒባሱ ሙሉ ሰው በአንድ አፍ ይጮህ ነበር። ዛሬ አሥር ብር ሲቀር ማን አፉን ይከፍታል? ዳቦ ትኩሱ ሠላሳ አምስት ሳንቲም፣ ሻይ በስኒ ሃምሳ ሳንቲም። ወጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ኪስ ያለው ሰፊ ሱሪ እየጎተቱ አስፋልቱን ይጠርጉታል፤ ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ካስክ ውስጥ ገብተው ፀጉራቸውን ተተኩሰው ሲወጡ ሰፈሩ ቅባት ቅባት ይሸታል። ከአቦ ቁልቁል ሲወርዱ ማዕዘኑ ላይ ካሴት ቤት ነበር። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ አለቀልን፤ ካሴቱ እስኪላጥ ድረስ ያንኑ ይደግመዋል፤ እኛም ግጥሙን ሳንወድ በግዳችን እንሸመድዳለን። ከካሴት ቤቱ ፊት ለፊት የውሃ ቦኖ አለ። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ብትመጣ ነው። ጀሪካኑ በገመድ ተያይዞ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይሰለፋል፤ ባለጀሪካኖቹ ደግሞ ጥላ ስር ተቀምጠው አገር ያማሉ። ያ ሐሜት እንዴት እንደሚጣፍጥ! አሁን በየቤታችን ቧንቧ ገብቷል፤ ውሃዋ ግን ያው እንደ ድሮዋ በፈለጋት ቀን ነው የምትመጣው።

እኔ በቀን የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በእድሩ ጡሩምባ ነው። ሰው ሲሞት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ እወጣና በየመስቀለኛው መንገድ ሦስት ጊዜ ነፍቼ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብዬ እጀምራለሁ። የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ ድንኳን የሚተክለውን ሰው፣ ሁሉንም በዜማ። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ ድምፄ እስከ ወንዙ ማዶ ይደርስ ነበር። ሰው ሲሰማኝ ሥራውን ይጥላል፤ ልጁን የሚገርፍ አባት እንኳ አለንጋውን አየር ላይ ያቆማል። በዚያች ደቂቃ የማልታመን አልነበርኩም። ደበበ ሞተ ካለ ሞቷል፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ላምቦሬ ደግሞ አናጢ ነው። ከሆሳዕና አካባቢ በጎረምሳነቱ መጥቶ፣ ከቤቴ ጋር አጥር የሚጋራ ቤት ተከራየ፤ እዚያው ቀረ። በርና መስኮት ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፤ ለእድራችን ደግሞ የሬሳ ሳጥን የሚሠራው እሱ ነው። ስለዚህ እኔና እሱ የአንድ ሥራ ሁለት እጆች ነበርን። ልማዳችን እንዲህ ነው፤ ጡሩምባ ከመንፋቴ በፊት የሱን በር አንኳኳለሁ። «ማን ነው?» ይለኛል ከውስጥ። ስሙን እነግረዋለሁ። አሰብ አድርጎ «ቁመቱን አውቀዋለሁ» ካለ መላጊያውን ያነሳል፤ የማያውቀው ከሆነ ሜትሩን ይዞ ወደ ሟቹ ቤት ይሄዳል። እኔ ስነፋ፣ እሱ ሲልግ፣ ሰፈሩ ይነቃል። የተላገ የጽድ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ ነው። ሲሠራ የመዝሙር ዜማ ያንጎራጉራል፤ ጴንጤ ነው። እኔ የአቦ ልጅ ነኝ። ሁዳዴ ሲገባ ቤቱ ሥጋ ከተጠበሰ ሽታው እንዳይፈትነኝ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋልኝ ነበር። «ደቤ፣ ጾምህን ከገደፍክ በኔ እንዳታሳብብ» እያለ ይስቅብኛል። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ የተኛችበትን አልጋ የሠራው እሱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለወግ አይደለም።

ከሰፈራችን ግርጌ፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ሜዳ ነበረች። ልጆች ኳስ ይጫወቱባታል፣ ለመስቀል ደመራ ይቆምባታል፣ የታጠበ ምንጣፍ ይሰጣባታል። ላምቦሬ አንድ ቀን እድሩ ስብሰባ ላይ ተነሳና፣ የሱ እምነት ተከታዮች ሰው ሲሞትባቸው መቅበሪያ ፍለጋ ከተማውን እንደሚያዳርሱ ተናገረ። እናቱ እማማ ማርታ እሱ ዘንድ መጥተው ይኖሩ ነበር፤ አርጅተዋል። «እናቴን የምቀብራት በአውቶቡስ ተሳፍሬ ነው። አበባ ላስቀምጥ ብሄድ ግማሽ ቀኔን ይወስድብኛል» አለ። ከሜዳዋ በላይኛው በኩል፣ ቁጥቋጦ የበላው ጥግ እንዲሰጣቸው እድሩ ለቀበሌው ደብዳቤ ይጻፍልን ነው የጠየቀው። ክርክር አልነበረም ማለት ይቻላል። ሙስሊሞቹ አባላት ራሳቸው በመቃብር ጉዳይ ያልተቸገሩ አይደሉምና ቀድመው ደገፉ። እኔም እጄን አወጣሁ። ከፍ አድርጌ ነው ያወጣሁት። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታበት።

ከዚያ ምርጫ መጣ። የትኛው ምርጫ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ የቀበሌም ይሁን የወረዳ፣ አንዱ ካንዱ ተደበላልቆብኛል። የሰፈራችን ተወዳዳሪ የምርጫ ምልክቱ መሰላል ነበር። እሱን ራሱን ሁለቴ ቢሆን ነው ያየሁት። ቅስቀሳውን የሚመራው ስንታየሁ የሚባል ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር ቦርሳ ከእጁ የማይለይ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ። ቤቴ ድረስ መጣ። «ጋሽ ደበበ፣ በዚህ ሰፈር ከርስዎ ድምፅ በላይ የሚታመን የለም ይሉኛል» አለኝ። አንድ ቀን ከመኪና ላይ በሞንታርቦ እንድናገር ነው የፈለገው። እስቲ ፍረዱኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በሳንባዬ ብቻ ስጮህ የኖርኩ ሰው፣ ሞንታርቦ ስቀርብ! ሰው አፉን ይበላዋል ሲባል እሰማ ነበር፤ ያኔ እኔን በላኝ። ቀይ ኮፍያ ሰጡኝ። መሰላል የታተመባት ቲሸርት ሰጡኝ። ባለቤቴ የሺ ቲሸርቱን ስታይ «መሰላሉ የት ነው የሚያወጣህ?» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ።

የመጀመሪያው ቀን ንግግር ስለ ውሃ ነበር። «ተወዳዳሪያችን በየሰፈሩ አዲስ መስመር ያስገባል፣ ጀሪካን ታሪክ ይሆናል» እያልኩ ከአቦ እስከ ወንዙ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ድምፄ አስፋልቱን አነቃነቀው። ሰው ግን ወይ ፍንክች! ቦኖው ጋ የተቀመጡት ሴቶች ቀና ብለው አዩኝና ወሬያቸውን ቀጠሉ። አንዷ «ደበበ ማን ሞተ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ። ላምቦሬ ብቻ መላጊያውን አስቀምጦ በር ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። «ጥሩ ነው፤ ድምፅህ አምሮበታል» አለኝ።

ማታ ላይ ስንታየሁ ምግብ ቤት ጋበዘኝና፣ ፓስታውን በሹካ እየጠቀለለ አስተማረኝ። «ጋሽ ደበበ፣ ውሃ የሌለው ሰው ውሃ እንደሌለው ያውቃል። እርስዎ ስለነገሩት አይነሳም። ያለውን ሊወስዱበት ነው ሲባል ነው የሚነሳው።» «ማን ሊወስድበት?» አልኩት። «እሱን እርስዎ አይናገሩ። ክፍት ይተዉት። ሰሚው ግራ ቀኙን አይቶ ራሱ ይሞላዋል» አለና ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ዘመኔን ሁሉ ስንት ብልጥ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ሰው ግን አላየሁም። አሁን በቴሌቪዥን የሚከራከሩትን ሳይ፣ በየስልኩ የሚሰዳደቡትን የልጅ ልጆቼ ሲያሳዩኝ፣ ያ የፓስታ ማታ ትዝ ይለኛል። ወረቀቱ ተቀይሯል፣ ክፍት ቦታዋ ያቺው ናት። ሰው ስለ ዳቦ ዋጋ መጠየቅ ሲጀምር ስለ ጎረቤቱ ይነግሩታል፤ እሱም የዳቦውን ነገር ረስቶ ጎረቤቱን ያያል።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ «የነባሩ ሜዳ ለነባሩ ልጅ! መጤ ሜዳችንን መቃብር አያደርገውም!» አነበብኩት። አልገባኝም ብል ውሸት ነው፤ አንዴ እንዳነበብኩት ነው የገባኝ። ነባር፣ መጤ። እነዚህ ቃላት ድሮም ነበሩ፤ ግን ስለ ባሕር ዛፍና ስለ ዶሮ ዝርያ ነበር የምንላቸው። «ይሄ ነገር ጎረቤቴን አይነካም?» አልኩት። «ስም ተጠርቷል?» አለኝ። አልተጠራም። «በቃ እንግዲህ» አለኝ። እኔም በቃ አልኩ። ሞንታርቦው ናፍቆኝ ነበር፤ የቦኖዋ ሴትዮ ሳቅም ቆጭቶኝ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው።

በማግስቱ ስንታየሁ አንድ ነገር ጨመረ፤ «ጡሩምባዎን ይዘው ይምጡ።» የሺ ጡሩምባውን ከምስማሩ ሳወርድ አየችኝ። ፊቷ ጠቆረ። «ደበበ፣ ይሄን የሰጡህ ለሰው ሞት ነው» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ» ብያት ወጣሁ። መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ግድም፣ መኪናው ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ሰው ከየቤቱ ግር ብሎ ወጣ! ነጠላዋን እያጣፋች የወጣች አለች፣ ሳሙና ፊቱ ላይ እንዳለ የወጣ አለ። ሁሉም «ማን ነው? ማን ነው?» ይባባላል። ያኔ ሞንታርቦውን ያዝኩና ወረቀቱን በቀብር ዜማዬ ለቀቅኩት። «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የነባሩ ሜዳ ለነባሩ ልጅ!»

ላምቦሬ የወጣው ሜትሩን ይዞ ነው። በሩን ሳላንኳኳ ጡሩምባ ስለሰማ ድንገተኛ ሞት መስሎት፣ አንድ እግሩ ላይ ጫማ አንዱ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ ሜትሩን እንደያዘ መኪናው ስር መጥቶ ቆመ። አንጋጦ አየኝ። እኔ ወረቀቱን እያነበብኩ ነበር፤ መሃል ላይ ማቆም አልቻልኩም፤ «መጤ» የምትለዋን ቃል ዓይኑን እያየሁ ነው የጨረስኳት። ሰዉ ሁሉ እሱን ሲያየው በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ስም አልተጠራም፤ ግን ክፍት ቦታዋ ስትሞላ ታየኛለች። ሞተሩ ሲጠፋ ወረድኩ። «ደቤ፣ እኔ ምንድን ነኝ?» አለኝ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ እንደ ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ነባር ነኝ መጤ?» እኔም፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አንተን አይደለም እኮ! ስለ ሌሎቹ ነው። አንተማ የኛ ነህ» አልኩት። አየኝ፣ አየኝና ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያን ቀን እንዳልተቀበለኝ፣ እንደታዘበኝ፣ ከልቡ እንዳወጣኝ ቆጠርኩት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ቦኖው ጋ ሰልፉ ሁለት ሆነ፤ ማን እንደከፈለው የሚያውቅ የለም። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ ቡድናቸውን ነባርና መጤ ብለው ሰየሙ፤ የኔው ልጅ ነባር ውስጥ ተሰልፎ ሲጮህ በጆሮዬ ሰማሁት፤ በጥፊ ልመታው እጄን አንስቼ አፈርኩና መለስኩት። ከኔ ነው የተማረው። እድሩ ደብዳቤውን ዝም ብሎ ከቀበሌው መልሶ ወሰደ። ለላምቦሬ አልጋ ያዘዘች አንዲት ሴት «ይቅርብኝ» አለች። በምርጫው ቀን ላምቦሬ ከፊቴ ስድስት ሰው ቀድሞ ተሰልፎ ነበር፤ ጣቱን ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ አንገቴን ደፋሁ። መቼም መሰላሉን እንዳልመረጠ እርግጠኛ ነበርኩ፤ በልቤም ደግ አደረገ ብዬ ነበር። መሰላሉ አሸነፈ። በዓመቱ ሜዳዋ ዙሪያዋን በቆርቆሮ ታጠረች፤ ቆርቆሮው ሲነሳ ፎቅ ሆና ተገኘች። ነባሩም አልተጫወተባት፣ መጤውም አልተቀበረባት። ውሃውማ ማን አንስቶት! ስንታየሁን ፈልጌ ልሰድበው ነበር፤ ሌላ ሰፈር ለሌላ ምልክት እየቀሰቀሰ ነው አሉኝ።

ፎቁ ገና መሠረቱ ሲቆፈር ነው፣ አንድ ጠዋት የመላጊያ ድምፅ ሰምቼ ነቃሁ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ለላምቦሬ የሰው ሞት የምነግረው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የነገርኩት የለም፤ ታዲያ በዚህ ሰዓት ለማን ነው ሳጥን የሚሠራው? ከዚያ ገባኝ። የሺም ገብቷት ኖሮ ነጠላዋን ፈልጋ ተነሳች። በአጥሩ ዘልዬ ስገባ ላምቦሬ እንጨቱ ላይ ጎንበስ ብሏል፤ መዝሙር የለም። እማማ ማርታ አርፈዋል። «ምነው ሳትነግረኝ?» አልኩት። «ምን ብዬ?» አለኝ። «ልንፋ እንጂ» ስለው መላጊያውን አቆመ። «ተወው ደቤ። ጡሩምባ ሰምቶ የሚወጣ ሰው ለለቅሶ ይሁን ለምርጫ በምን ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ስነፋ ሰው ቶሎ አይወጣም ነበር፤ መጋረጃ ገለጥ አድርጎ አይቶኝ መልሶ የሚተኛ በዝቶ ነበር።

ያለ ጡሩምባ በየበሩ እየዞርኩ ተናገርኩ። «የላምቦሬ እናት አርፈዋል። ቀብሩ ሩቅ ነው፤ በጠዋት እንነሳለን» እላለሁ። አንድ ሰው፣ ላምቦሬ የቤቱን በር በነጻ የጠገነለት ሰው፣ ዓይኑን እያሸ «የማን? የመጤው?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ስም እንደሚጠራ ነው የጠራው። ከኔ የሰማትን ቃል በኔው ዜማ ነው የመለሰልኝ። ድንኳኑ ግማሹን አልሞላም። የመጡት የሱ ምዕመናን፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንና ከኛ ወገን ደግሞ የሺ ጎትታ ያመጣቻቸው ጥቂት ሴቶች ነበሩ። አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ስንት ባዶ ወንበር እንዳለ እያየሁ አለቀስኩ። ሰው ለሳቸው ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ጡሩምባውን ለእድሩ መለስኩ። ላምቦሬ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኝ ነበር፤ መንገድ የምቀይረው እኔ ነበርኩ። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ጀሞ ሲገባ እንኳ ዕቃ ላግዝ አልወጣሁም፤ ወገቤን አሞኛል አልኩ። የሺ በሞተች ጊዜ ከለቀስተኞቹ ጋር ተደባልቆ መጥቶ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

እንግዲህ ትናንት ነው የሄድኩት። ለፀጋ ደውዬ፣ ብሎኩን አጠያይቄ፣ አራተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ ቀጥ ብሎ ነበር። ላምቦሬ ቀጥኗል፤ ጣቶቹ ግን ያው የአናጢ ጣቶች ናቸው። ተሳሳምን፤ አንገቴን ይዞ ቆየ። «ደቤ! አንተ ሰው፣ ጠፋህብኝ እኮ!» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ሶፋው ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ስለ ጉልበታችን አወራን፣ ስለ ስኳራችን አወራን፣ ስለ የሺ አወራን። ፀጋ ሻይ ልታፈላ ገባች። ያኔ፣ ድፍረቱ ሳይጠፋኝ ብዬ፣ «ላምቦሬ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ስለ ምኑ?»

«ስለዚያ ምርጫ።»

«ተው እባክህ!» ብሎ እጄን መታ አደረገኝ። «አንተ ምን ታደርግ? አታለሉህ። እኔ የተቀየምኩት ሰዉን ነው፤ አንተን መቼ ተቀይሜህ አውቃለሁ!»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሻዬን ጠጥቼ፣ ተመራርቀን፣ በሰላም እወጣ ነበር። ግን ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩትን ሳላራግፍ ልሞት አልፈለግሁም። «አላታለሉኝም» አልኩት። «ወረቀቱን ሳነበው አንተን እንደሆነ አውቄ ነው። አንተን አይደለም ያልኩህ ውሸቴን ነው።»

እጁ እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብሎ አነሳው፤ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ውሸትህን ነበር?» አለኝ።

«ውሸቴን ነበር።»

«እኔ እኮ አምኜህ ነበር ደቤ» አለኝ። «ሚስቴ እነዚህን ሰዎች አትምረጥ ብላ ለመነችኝ። ደበበ አንተን አይደለም ብሎኛል፣ ደበበ እኔን አይዋሸኝም ብያት፣ ሄጄ የመረጥኩት መሰላሉን ነው።»

ከሃያ ዓመት በላይ ተቀይሞኛል ብዬ መንገድ ስቀይር የኖርኩበት ሰው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልተቀየመኝም ነበር። ፀጋ ሻዩን ይዛ ስትገባ ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን አገኘችን። «አባዬ፣ ምነው? ምን ሆናችሁ?» አለችው።

«ምንም አልሆንን» አላት። «ጋሼ ደበበ እውነቱን ነግሮኝ ነው።»